ተልዕኮ ዕቃ ማመላለስ ብቻ አይደለም፦ ስለ ኦንላይን ጌም ለተጻፈ ትችት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። የሚናገረው ወጣቶቻችን ሰዓታቸውን ስለሚያሳልፉባቸው ምናባዊ የኦንላይን ዓለሞች ሲሆን በምሳሌነት ደጋግሞ የሚያነሣው ሩንስኬፕን ነው። ክርክሩ አምስት ነጥቦች አሉት። በጌሙ ውስጥ ተልዕኮ የሚባለው ከአንዱ ዕቃ ተቀብሎ ለሌላው ማድረስ እንጂ ጀብዱ አይደለም። መልሱ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ተጽፎ ስላለ አሰሳ የሚባል ነገር የለም። ጌሙ ደመወዝ የሌለው የጉልበት ሥራ ነው፣ በዚያ ላይ ኪስ ያራቁታል። ተጫዋቹን ከሰው ይነጥለዋል። በመጨረሻም፣ ማሰስ የፈለገ ወጣት ላሊበላም ሰሜን ተራሮችም አሉለት። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው ወላጆች ጌሙን ከልጆቻቸው ስልክ ላይ እንዲያጠፉ ይመክራሉ።

የተነሡበትን ስጋት አላቃልልም። ስልኩ ላይ ተደፍቶ የሚያነጋ ልጅ ያለው ወላጅ ቢቆጣ እውነት አለው። ቅር ያሰኘኝ የፍርዱ አሰጣጥ ነው። ጽሑፉ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን፣ ማለትም ተልዕኮን፣ ተጫዋቾች «ግራይንድ» የሚሉትን አሰልቺ ድግግሞሽ እና በገንዘብ የሚገዛ የዕድል ጨዋታን ጠቅልሎ በአንድ ብይን ይቀጣቸዋል። በኋለኞቹ ሁለቱ ላይ ከጸሐፊው ጋር ብዙ የምንስማማበት አለ። ተልዕኮው ግን ስክሪን ላይ ከሚገኘው ነገር ሁሉ ሰውን አንባቢና መንገደኛ ከሚያደርጉት ጥቂቶች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የምጽፈውም እሱን ለመከላከል ነው።

ጌሙን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ሩንስኬፕ እንግሊዛውያኑ የጋወር ወንድማማቾች የጀመሩት፣ ጃጌክስ የተባለው የካምብሪጅ ኩባንያ የሚያስተዳድረው ዓለም ነው። ለሕዝብ የተከፈተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጃንዋሪ 2001 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ጌሙ በዓመታት ውስጥ እየተለወጠ ሄዶ ብዙዎች የድሮውን ሲናፍቁ፣ ኩባንያው በ2013 ከኦገስት 2007 ተቀምጦ የተገኘውን ቅጂ ለመክፈት ድምፅ አሰጠ። ወደ 450 ሺህ የሚጠጋ ድምፅ ተሰበሰበና «ኦልድ ስኩል» የሚባለው ተወለደ። ከዚያ ወዲህ ወደዚህ ዓለም ትልቅ ነገር የሚገባው ተጫዋቾቹ ድምፅ ሰጥተው ሲያጸድቁት ነው፤ ቀድሞ 75 በመቶ ይጠየቅ ነበር፣ ከ2022 ወዲህ 70 በመቶ። እኔ የምናገረው ስለዚህኛው ነው።

እኛ አገር ያሉ ልጆች እጅ መግባቱም ምክንያት አለው። ይህ ዓለም የሚንቀሳቀሰው በየ0.6 ሴኮንዱ አንዴ ነው፤ ተጫዋቾች «ቲክ» ይሉታል። ከአዲስ አበባ የተነሣ ትእዛዝ አውሮፓ ያለው ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ በተኩስ ጌም ውስጥ ባላጋራህን ሳታየው ያስገድልሃል። እዚህ ግን ያ መዘግየት በአንዱ ቲክ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ከባድ ኮምፒውተር አይጠይቅም፤ ከኦክቶበር 2018 ጀምሮ ደግሞ በስልክ ይሠራል። ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ በጨዋታ የሚከፍለው የሌለው ልጅ፣ ኔትወርኩም እንደነገሩ የሆነ ልጅ፣ ሊጫወተው የሚችል ሰፊ ዓለም ነው። ጸሐፊው ይህን ሳያነሡ ልጆቹ ለምን እዚያ እንደሄዱ ይጠይቃሉ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ። ጸሐፊው ለማስረጃ የጠቀሱት የወጥ ቤቱን ተልዕኮ ነው። በላምብሪጅ ቤተ መንግሥት ያለው አብሳይ ለመስፍኑ የልደት ኬክ መጋገር አለበት፤ እንቁላል፣ ወተትና ዱቄት ግን የለውም። አምጣልኝ ይላል፣ ታመጣለህ፣ አለቀ። ጸሐፊው «ይህ ተላላኪነት ነው» ብለው ያልፋሉ።

ተላላኪነት መሆኑን አልክድም። ግን ዱቄቱ እንዴት እንደሚገኝ ቢጽፉት ኖሮ ጥሩ ነበር። ከከተማው ወጥተህ የስንዴ ማሳ ትፈልጋለህ። ስንዴውን ቀጥፈህ ወደ ንፋስ ወፍጮው ትገባለህ፤ መሰላሉን እስከ ላይኛው ፎቅ ትወጣለህ፤ እህሉን ማፍሰሻው ውስጥ ጨምረህ ማንሻውን ትጎትታለህ፤ ከዚያ እስከ ታች ወርደህ ዱቄቱን በባዶ ማሰሮ ትቀበላለህ። ማሰሮ ካልያዝክ ተመልሰህ ትሄዳለህ። ወተቱም ከሱቅ አይመጣም፤ ባልዲ ይዘህ ላሟን ታልባለህ። ይህ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ነው፤ በዚህ ዓለም ነገር ሁሉ ከአንድ ቦታ በአንድ መንገድ እንደሚመጣና ቦታውን ማወቅ ያንተ ድርሻ እንደሆነ ያስተምራል። አዲስ ተጫዋች ይህን ሲጨርስ ከአንድ ኬክ በላይ ይዟል፤ የላምብሪጅ ዙሪያ በጭንቅላቱ ተስሎለታል።

የመላላክን ጉዳይ አዘጋጆቹ ራሳቸው ከጸሐፊው ቀድመው አንሥተውታል። «ዋን ስሞል ፌቨር» የሚባል ተልዕኮ አለ። ሺሎ በተባለች መንደር ያለ የጥንት ዕቃ ነጋዴ አንዲት ትንሽ ውለታ ይጠይቅሃል፦ ጫካ ውስጥ ካለው እንጨት ቆራጭ ቀይ ማሆጋኒ አምጣልኝ። እንጨት ቆራጩ መጥረቢያዬ ደንዟልና አስስልልኝ ይላል። ሳዪው ያለው ባሕር ተሻግሮ ፖርት ሳሪም ነው፤ እሱ ደግሞ ለጉዳዩ የሚመሰክርለት ሰው ፈልጎ ወደ ሌላ መንደር ይልክሃል። እያንዳንዱ ሰው ለሌላው ውለታ እያስተላለፈህ የዓለሙን ግማሽ ትዞራለህ፤ ከዚያ ደግሞ በመጣህበት መንገድ ሁሉንም እያስፈጸምክ ትመለሳለህ። መላላክን የጌሙ ድክመት አድርጎ የሚያይ ሰው ይህን ተልዕኮ ሳያነብ መጻፉ ያሳዝናል።

የጸሐፊው ክርክር ሙሉ በሙሉ የሚወድቅብኝ ግን «ፕሪስት ኢን ፔሪል» በሚባለው ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። የቫሮክ ንጉሥ ሮልድ በምሥራቅ ድንበር ባለው ቤተ መቅደስ ከሚኖር ድሬዝል ከተባለ ካህን ወሬ ቢጠፋበት ሄደህ እንድታይለት ይልክሃል። በሩን ታንኳኳለህ። ከውስጥ አንድ ድምፅ ይመልሳል፦ ሥራ ላይ ነን፣ እዚያ መቃብሩ ውስጥ አንድ የሚጮኽ ውሻ እየረበሸን ነውና ውለታ ዋልልን፣ ግደለው። ተጫዋቹ በዚህ ጊዜ ብዙ ትእዛዝ ፈጽሞ የመጣ ነው፤ ሳይጠይቅ ይወርዳል፣ ውሻውን ይገድላል፣ ተመልሶ ለንጉሡ ይናገራል።

ንጉሡ በቁጣ ይነድዳል። ያ ውሻ የቤተ መቅደሱ ጠባቂ ነበር፤ ከወንዙ ማዶ ያለው፣ ሞሪታኒያ የተባለው የጌሙ ምድር ክፉ ኃይል ወደ መንግሥቱ እንዳይሻገር ከሚያግዱት አንዱ ነበር። ከበሩ ኋላ የተናገረህ ካህኑ አልነበረም፤ ካህኑን አስሮ ቤተ መቅደሱን የያዘ ጠላት ነው። የተታለልከው አንተ ነህ፣ የገደለውም ያንተ እጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ተልዕኮ በሙሉ ያበላሸኸውን ለማቃናት የሚደረግ ነው፦ የካህኑን እስር ቤት ቁልፍ ታፈላልጋለህ፤ ከጉድጓድ የቀዳኸውን ውሃ ካህኑ ባርኮልህ ቫምፓየሩ የተኛበት ሣጥን ላይ ታፈስሳለህ፤ የቆሸሸውን የሳልቭ ወንዝ ለማንጻት ሃምሳ የድንጋይ ኤሰንስ ተሸክመህ ታመጣለህ። ያ የመጨረሻው፣ እውነት ነው፣ ዕቃ ማመላለስ ነው። ግን እያንዳንዷን ድንጋይ የምትሸከመው ያጠፋኸውን ስለምታውቅ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ፣ የታዘዘውን ሁሉ ከመፈጸሙ በፊት ማን እንዳዘዘው መጠየቅ እንዳለበት በዚህ መንገድ ሲማር ሌላ የት አየሁ ብዬ አስባለሁ።

ይህን ሳትጨርስ ደግሞ ወንዙን አትሻገርም። ከማዶ ያለው ረግረግ፣ ሰው መስለው ሲጠቁ ተኩላ የሚሆኑ ነዋሪዎች ያሉባት ካኒፊስ፣ ምግብህን የሚያበሰብሱ መናፍስት፣ ሁሉም ከዚያ በር ኋላ ናቸው። አገሩ የሚከፈትልህ ታሪኩን ስትገባበት ነው። አሰሳና ተልዕኮ በዚህ ጌም የተለያዩ ነገሮች አለመሆናቸውን ጸሐፊው ቢያዩት ሁለተኛውን ነጥባቸውን በሌላ መንገድ ይጽፉት ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ የዊኪውን፣ ማለትም የጌሙ ነገር ሁሉ የተመዘገበበትን ድረ ገጽ፣ ጉዳይ የሚመለከት ነው። ሁሉ ነገር ተጽፎ ስላለ የሚታሰስ የለም ይላሉ። እዚህ ላይ ከፊል እውነት አለ፤ መደበቅም አልፈልግም። የጌሙ ዊኪ እጅግ የተሟላ ነው። ከዚህም አልፎ «ኩዌስት ሄልፐር» የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም አለ፤ የት እንደምትረግጥ በቀስት ያሳይሃል፣ በንግግር ውስጥ የቱን መልስ እንደምትመርጥ ያቀልምልሃል። በእሱ የሚጫወት ሰው ንግግሩን አንድም ሳያነብ ተልዕኮውን ይጨርሳል። ውሻውን ይገድላል፣ ንጉሡ ሲቆጣ ግን ለምን እንደተቆጣ አያውቅም። ስለዚህ ተጫዋች የጸሐፊው ትችት ልክ ነው። ወንድሜም ሆነ ጓደኛዬ በዚያ መንገድ ሲጫወት ሳይ ያስቆጨኛል።

ነገር ግን ያ የተጫዋቹ ምርጫ ነው። ጌሙ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጥህ የሰዎቹን ቃልና የማስታወሻ ገጽ ብቻ ነው። ዊኪውን ማን ጻፈው ብለንም እንጠይቅ። ተጫዋቾች ናቸው፤ በየዋሻው ገብተው፣ በየበሩ ሞክረው፣ ስንት ጊዜ ሞተው የጻፉት። በ2018 ያስተናግዳቸው የነበረው ድረ ገጽ በማስታወቂያ ሲያጨናንቃቸው ማኅበረሰቡ ተሰብስቦ ዊኪውን ወደ ራሱ ቤት አዛወረው። አሰሳ ባይኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ገጽ ከየት ይመጣ ነበር? ካርታ መኖሩ ጉዞን የሚሽር ከሆነ ደግሞ ጸሐፊው የሚመክሩት የሰሜን ተራሮች ጉዞም ተሽሯል፤ ጎግል ላይ እያንዳንዱ መንገድ አለና።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሡት አንድ ነገር አለ፤ የሀብት ፍለጋ ወረቀቶቹን። ጭራቅ ስትገድል ወይም ኪስ ስትሰርቅ አንዳንዴ የተጠቀለለ ወረቀት ይወድቅልሃል። ወረቀቱ ላይ እንቆቅልሽ፣ በእጅ የተሣለ ካርታ፣ ወይም በዲግሪና በደቂቃ የተጻፈ ነጥብ ታገኛለህ። ይኼን የመጨረሻውን ለመፍታት ሴክስታንት (መርከበኞች የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ የሚለኩበት መሣሪያ)፣ ሰዓትና የባሕር ሰንጠረዥ ያስፈልጉሃል፤ ሦስቱን ከሦስት ሰዎች በሦስት ቦታ ትሰበስባለህ፣ አንደኛው የኮከብ መመልከቻው (ኦብዘርቫቶሪው) ውስጥ ያለው ፕሮፌሰር ነው። የዜሮ ዲግሪ መነሻውም ያ ኦብዘርቫቶሪ ነው፤ በእኛ ዓለም ግሪኒች ለኬንትሮስ እንደሆነው። ከዚያ ተነሥተህ ይህን ያህል ዲግሪ ወደ ሰሜን፣ ይህን ያህል ወደ ምሥራቅ እያልክ ትሄድና አካፋ ይዘህ ትቆፍራለህ። ኬክሮስና ኬንትሮስ ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ስሰማቸው ሁለት ቃላት ነበሩ። ጥቅም ላይ ሲውሉ ያየኋቸው እዚህ ነው፤ ከዚያ በኋላ የጂኦግራፊ መጽሐፉን የከፈትኩት ለፈተና ብዬ አልነበረም።

ሙዚቃውም አለ። እያንዳንዱ አካባቢ የራሱ ዜማ አለው፤ እዚያ መሬት ላይ ስትረግጥ ዜማው ይከፈትልህና በዝርዝርህ ላይ ይመዘገባል። ያልደረስክበት አካባቢ ዜማ በቀይ ተጽፎ ይጠብቅሃል። ወርቅ የለውም፣ ጉልበት አይጨምርም። ግን ያልሄድኩበት የት ቀረ እያልክ ካርታውን ትመረምራለህ።

ሦስተኛው ነጥብ ከባዱ ነው፤ በውስጡ ሁለት ክስ አለ፣ ጉልበትና ገንዘብ። ጸሐፊው ሁለቱን ቢያቀላቅሏቸውም እኔ እለያያቸዋለሁ።

ስለ ጉልበት ሲናገሩ አንድ ሙያ 99ኛ ደረጃ ለማድረስ ከ13 ሚሊዮን በላይ ነጥብ እንደሚያስፈልግ ጠቅሰዋል። ትክክል ነው። እንዲያውም 92ኛው ደረጃ ላይ ስትደርስ ገና ግማሽ መንገድ ነህ። ይህ ግራይንድ ነው፤ ያንኑ ዛፍ መቁረጥ፣ ያንኑ ዓሣ ማጥመድ። የሚወዱት አሉ፣ እኔ አልወደውም። ነገር ግን ተልዕኮ የዚህ ተቃራኒ ነው። «ዋተርፎል» የሚባለውን እንውሰድ። ባክስቶርያን በተባለ ፏፏቴ አጠገብ አንድ የጎብኚዎች መረጃ ቤት አለ፤ ፎቅ ላይ ወጥተህ ስለ ኤልፎቹ ንጉሥ ባክስቶርያንና ስለ ሚስቱ ግላሪያል የሚተርክ መጽሐፍ ታነብባለህ። የፏፏቴው ዋሻ ምሥጢር በዚያ ታሪክ ውስጥ ነው። የንግሥቲቱ መቃብር ውስጥ ለመግባት መሣሪያህንም ጥሩርህንም ውጭ ትተህ ባዶ እጅህን መግባት አለብህ፤ ውስጥ ያሉትን ጭራቆች አትዋጋም፣ እየሸሸህ ታልፋለህ። ይህን የጨረሰ ጀማሪ ለጥቃትና ለጉልበት ሙያዎቹ ለእያንዳንዳቸው 13,750 ነጥብ ያገኛል፤ ከ1ኛ ደረጃ ተነሥቶ 30ኛ ለመድረስ ይበቃል። ላም እየገደለ ያንን ሊያገኝ የፈለገ ሰዓታት ይፈጅበታል። መጽሐፍ ያነበበና ባዶ እጁን የገባ ሰው ሰይፍ ከታጠቀው ይቀድማል። ይህን የሠራ አእምሮ ተጫዋቹን በድግግሞሽ ለማሰር የተነሣ አይመስለኝም።

እውነተኛ የጉልበት ሥራ በዚህ ጌም ውስጥ ነበረ፤ ጸሐፊው ያንን ቢያነሡ ኖሮ ጠንካራ ማስረጃ ይሆናቸው ነበር። የቬኔዝዌላ ገንዘብ ዋጋ ባጣበት ጊዜ፣ በተለይ ከ2017 ጀምሮ፣ ብዙ ቬኔዝዌላውያን ሰው ሰውን ሊገድል በሚችልበት የጌሙ በረሃ ውስጥ አረንጓዴ ዘንዶዎችን እየገደሉ አጥንትና ቆዳቸውን ሸጠው፣ የተጠራቀመውን የጌም ወርቅ በዶላር ይለውጡ ነበር። ለምግብ ነው። በማርች 2019 በአገሪቱ መብራት ሲጠፋ የነሱ መጥፋት በጌሙ ገበያ ውስጥ ታየ። ወርቅ በገንዘብ መሸጥ በጌሙ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ሌሎች ተጫዋቾችም እየጠበቁ ይገድሏቸው ነበር። በዚያ ውስጥ ያለው ጭካኔ አሁንም ያንገበግበኛል። ግን የዚያ ምክንያት ድህነትና የገንዘቡ መውደቅ ነው። እነዚያ ሰዎች የሚሠሩት ግራይንድ ነበር፤ ተልዕኮ የሠሩት ወርቁ ያለበት ቦታ ለመድረስ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ተልዕኮ አንዴ ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ማንም በየቀኑ እየደገመ ኑሮውን ሊመራበት አይችልም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። እዚህ ላይ ከጸሐፊው በላይ እከስሳለሁ። በ2012 በዋናው ሩንስኬፕ ውስጥ በገንዘብ የሚዞር የዕድል መንኮራኩር ገባ፤ ስሙ እየተቀየረ ለዓመታት ቆየ። የእንግሊዝ ፓርላማ የዲጂታል፣ የባህል፣ የመገናኛ ብዙኃንና የስፖርት ኮሚቴ በ2019 ባወጣው ሪፖርት ላይ፣ ጎልማሳ ልጁ በዚህ ጌም ምክንያት ከ50,000 ፓውንድ በላይ ዕዳ ውስጥ እንደገባ የጻፈ ወላጅ ተጠቅሷል። ኩባንያውም አንድ ተጫዋች በሳምንት እስከ 1,000 ፓውንድ፣ በወር እስከ 5,000 ፓውንድ ሊያወጣ እንደሚችል ለኮሚቴው ተናግሯል። ይህ ጨዋታ አይባልም። ቤልጂየም በ2018 እንዲህ ያለውን በገንዘብ የሚገዛ የዕድል ሣጥን ቁማር ነው ብላ አግዳለች፤ ልክ ናት እላለሁ።

ኦልድ ስኩል ውስጥ ግን ያ መንኮራኩር የለም። የወር ክፍያ አለ፤ ነፃው ክፍልም ለብቻው ብዙ ነው። ተልዕኮን በተመለከተ ደግሞ ገንዘብ ጭራሽ አቅም የለውም። «ድራጎን ስሌየር»ን ተመልከቱ። ሩን ከሚባለው ብረት የተሠራውን የደረት ጥሩር ወርቅ ያለው ሁሉ ገበያ ላይ ይገዛዋል፤ ዘንዶዋን ኤልቫርግን ያልገደለ ግን ሊለብሰው አይችልም። ተልዕኮውን ለመጀመር 32 የተልዕኮ ነጥብ ይፈልጋል፤ ማለትም አገሩን አስቀድመህ ዞረህ ብዙ ሰው ረድተህ መምጣት አለብህ። ከዚያ ወደ ክራንዶር ደሴት የሚወስደውን ካርታ ሦስት ቁራጮች ከሦስት ቦታ ታሰባስባለህ፤ አንዱ እስር ቤት ያለ ጎብሊን እጅ ነው። ያረጀ መርከብ በ2,000 ሳንቲም ገዝተህ ቀዳዳውን በሣንቃ ራስህ ትጠግናለህ፣ ካፒቴን ትለምናለህ። የቢሊየነር ልጅም ቢሆን መርከቡ ሥር ገብቶ ሚስማር መምታት አይቀርለትም።

አራተኛው ነጥብ መነጠል ነው። ጸሐፊው የሩንስኬፕ ተልዕኮዎች ለብቻ እንደሚሠሩ ያነሡት በአብዛኛው እውነት ነው። ቢሆንም ጀማሪ ከሚያገኛቸው የመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነው «ሺልድ ኦፍ አራቭ» ያለ ሌላ ሰው አይጨረስም። ሁለት የወንበዴ ቡድኖች የጋሻውን ሁለት ግማሾች ይዘዋል፤ አንተ ከአንደኛው ስትሆን ከሌላኛው የሆነ እውነተኛ ሰው አግኝተህ መለዋወጥ አለብህ። ስለዚህ የቫሮክ አደባባይ ላይ ቆመህ የማታውቀውን ሰው ትጠይቃለህ፤ ካመንከው ትሰጠዋለህ።

ለትልቁ ጥያቄ ግን ከሌላ ጌም፣ ከወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት፣ አንድ ሰው ላንሣ። ማትስ ስቴን ኖርዌጂያዊ ነበር፤ በ1989 የተወለደ፣ ጡንቻን እያመነመነ የሚገድለው የዱሼን በሽታ የያዘው። በመጨረሻ ዓመታቱ ከዊልቼሩ ላይ ጣቶቹን እንጂ ሌላ ብዙ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። በኖቬምበር 2014 በ25 ዓመቱ ሲሞት ወላጆቹ ልጃችን ጓደኛ ሳይኖረው፣ ማንንም ሳይነካ ኖሮ ሞተ ብለው አዝነው ነበር። አባቱ በልጁ ብሎግ ላይ የሞቱን ዜና ጻፉ። ከዚያ ደብዳቤ ይጎርፍ ጀመር። በጌሙ ውስጥ ኢቤሊን በሚል ስም ይታወቅ ነበር፤ ስታርላይት የተባለ ጊልድ (የተጫዋቾች ማኅበር) አባል ነበር። በአካል መራመድ ያልቻለው ሰው እዚያ ውስጥ በየጫካው መሮጥ የሚወድ ነበር። የሰው ችግር ሰምቶ የመከረ፣ የተጣሉ ያስታረቀ ሰው ነበር። ከተለያዩ የአውሮፓ አገሮች የመጡ የጊልዱ አባላት ቀብሩ ላይ ተገኙ።

አንድ ሰው ለሁሉም ማስረጃ አይሆንም፤ ጌም ያበላሻቸው ቤቶችም አሉ። ነገር ግን ጸሐፊው «በእነዚህ ዓለሞች ውስጥ ሰው የለም» ብለው በጠቅላላው ጽፈዋል። የስቴን አባትና እናትም እንደዚያው አስበው ነበር፤ በልጃቸው ክፍል ውስጥ ያለውን ማየት ስላልቻሉ። ወላጅን ጌሙን አጥፋ ከማለት በፊት ልጁን ማን ጋር ነው የምታወራው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አምስተኛው ነጥብ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ምክንያቱም ከልቤ የምጋራው ነው። ላሊበላን ያላየ ኢትዮጵያዊ ወጣት ቢያይ ደስ ይለኛል፤ የሰሜን ተራሮችን ብርድ ምንም ስክሪን አይሰጥም። ግን ልብ ወለድ የሚያነብ ልጅ ሲገኝ «ለምን ላሊበላ አትሄድም?» አንለውም። የትራንስፖርቱን ዋጋ፣ የመንገዱን ሁኔታ እያወቅን ለተማሪ ልጅ እንደ አማራጭ ስናቀርበው ደግሞ አማራጭ አልሰጠነውም። ይልቅ የምቆጭበት ሌላ ነገር አለ። በአማርኛ ተልዕኮ የሚሰጥ፣ ገዳሙን ዋሻውን ገበያውን የያዘ፣ ከእኛ ተረትና ገድል የተነሣ ሰፊ ዓለም የለንም። «ኩኩሉ»ን የመሰሉ የስልክ ጌሞች በአዲስ አበባ ልጆች ተሠርተዋል፤ ስለዚህ የሚችል እጅ አለ። ሩንስኬፕም የተጀመረው በጥቂት ወንድማማቾች ነው። ጸሐፊው ይህን ጥያቄ አንሥተው ቢሆን ኖሮ ምላሽ ሳይሆን ድጋፍ እጽፍላቸው ነበር።

የጸሐፊውን ምክር በተመለከተ፣ ወላጆች ጌሙን ከማጥፋታቸው በፊት ልጁ ምን እየሠራ እንደሆነ አጠገቡ ተቀምጠው ይመልከቱ። በገንዘብ የሚዞር ነገር ካለ ያስቁሙት፤ እዚያ ላይ መደራደር የለም። ሰዓቱን የሚበላው ያንኑ ዛፍ መቁረጥ ከሆነ ገደብ ያብጁለት። ቀስት እየተከተለ የሚሮጥ ከሆነ ረዳት ፕሮግራሙን አስዘግተው ንግግሩን ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው ይጠይቁት፤ ንባቡ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለትምህርቱም ይጠቅመዋል። የአብሳዩ ተልዕኮ፣ የጋሻውና የዘንዶዋ ሦስቱም በነፃው ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ለመጀመር የባንክ ካርድ አይጠይቁም።